ከሁሩሙ እስከ ነቀምቴ፤ የቃል ፈቺው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የማሽን አእምሮ ጥያቄ

በደን ሽፋኗና በቡና ምርቷ የምትታወቀው ኢሉባቦር በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳ ሰዎችን አፍርታለች። የዞኑ ርዕሰ ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከመቱ በስተደቡብ የምትገኘው ጎሬ ለረጅም ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ የነበረችና እ.ኤ.አ በ1936 አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ስትያዝ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ያገለገለች ታሪካዊ ከተማ ነች። ከበደሌ ተነስቶ በያዮ ደን በኩል የሚጓዝ መንገደኛ ደግሞ መቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ሁሩሙን ያገኛል።

ሁሩሙና አካባቢዋ የአፋን ኦሮሞ የጽሑፍ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ስማቸው ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ የሚጠራው የኦኔሲሞስ ነሲብ የትውልድ ስፍራ ናቸው። ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱ፣ የማንበቢያ መጽሐፍ ያዘጋጁና ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ይህ ሥራቸው በስፋት ይታወቃል። ሕይወታቸው ግን ከዚህም ባሻገር ዛሬ በመላው ዓለም የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ለመመርመር ያግዛል። ጥያቄውም የሰው ቋንቋ የሚናገር ማሽን እንደ ሰው ያስባል ወይ፣ የሚሰማውስ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው።

ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ በ1856 አካባቢ ሁሩሙ አጠገብ ሲወለዱ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። ሂካ በአፋን ኦሮሞ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደማለት ነው። የቃሉ ሥር የታሰረን መፍታትንም፣ የንግግርን ትርጉም መግለጥንም ያመለክታል። በአማርኛም ቢሆን መፍታትና ፍቺ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ገመድ ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ ቃልም ይፈታል። ሕፃኑ ይህን ስም ሲቀበል ወላጆቹ ወደፊት የሚጠብቀውን መታሰርም ሆነ መፈታት ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ብላቴናው አባቱን ያጣው ገና በአራት ዓመቱ ነው። በዚያን ዘመን የባሪያ ንግድ ደቡብ ምዕራቡን የአገሪቱን ክፍል ያራቁት ነበር። ከጊቤ ግዛቶች፣ ከከፋና ከኢሉባቦር በአፈናና በዘመቻ የተያዙ ሰዎች ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይደርሱ ነበር። ሂካም እ.ኤ.አ በ1869 በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። በእያንዳንዱ ሽያጭ ዕድሜው፣ ጤናውና ጉልበቱ ተመዝኖ ዋጋ ተቆርጦለታል። የሚናገረው ቋንቋ፣ የሚናፍቃት እናቱና የሚፈራው ሌሊት ግን በሒሳቡ ውስጥ የሚገቡ አልነበሩም።

ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠር በአንድ አገር ወይም በአንድ ዘመን ብቻ የታየ አይደለም። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ አድርጎ ቆጥሮታል። ሮማዊው ጸሐፊ ቫሮ ደግሞ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የእርሻ መሣሪያዎችን በሦስት ሲከፍል ዲዳዎቹን ጋሪዎች፣ ድምፅ ብቻ ያላቸውን በሬዎችና የሚናገሩትን ባሮች በአንድ መዝገብ አስፍሯቸዋል። ስለዚህ የሚናገር መሣሪያ የሚለው ሐሳብ ከኮምፒዩተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ መሣሪያ የተባለው ሰው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሂካ ሻጮችና ገዢዎች ልጁ አእምሮና ስሜት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አላጡም። ሲጠሩት ይሰማል፤ ሲመቱት ያለቅሳል፤ ሲያዙት ይገባዋል። ለማምለጥ እንዳይሞክር የሚጠበቀውም የራሱ ፈቃድና ሐሳብ እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። የጎደለው ማስረጃ ሳይሆን ማስረጃውን የመቀበል ፈቃደኝነት ነበር። ሰውየው ሰው መሆኑን ማመን ገበያውን ያፈርሰዋልና ጥቅሙ እውቀቱን ሸፈነው።

ሂካ ነፃ የወጣው እ.ኤ.አ በ1870 በምፅዋ ነው። ነፃ ያወጣውም በዚያን ጊዜ በወደቡ ከተማ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ሲሆን፣ ብላቴናውን በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገው። ሂካ ለትምህርት የነበረው ትጋት ወዲያው ታየ። እ.ኤ.አ መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ።

ኦኔሲሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ትርጓሜውም በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው። በመልእክቱ ውስጥ ጳውሎስ ፊልሞናን የሚለምነው ይህን ሰው ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ነበር። ከስምንት ሽያጭ በኋላ ይህን ስም የተሸከመው ወጣት በስሙ ውስጥ ሁለት ነገር ይዟል። ባሪያ የሚለካው በጠቃሚነቱ ብቻ ነው፤ ወንድም ግን ባይጠቅምም ወንድም ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ለሚነሳው የማሽን ጉዳይም ቁልፍ ነው።

ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የዮሐንስሉንድ የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ ምፅዋ ተመለሱ። ምሕረት ኃይሉን አግብተው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ትውልድ ምድራቸው ለመድረስ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ በሱዳን በኩል ነበር። ይሁን እንጂ የጉዞ ጓዶቹ በድንበር አካባቢ ከምትገኘው ፋማካ ማለፍ አልቻሉም። ወባና ድካም አዳክሟቸው እ.ኤ.አ በ1882 ሚያዝያ ወር ወደ ካርቱም ለመመለስ ተገደዱ። በሸዋ በኩል የተደረገው ሁለተኛ ሙከራም አልተሳካም። አገራቸው በሁለቱም በሮች የተዘጋችባቸው ኦኔሲሞስ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ትርጉም ሥራ መለሱ።

የትርጉሙ ሥራ ግን ያልታሰበ ችግር ገጠመው። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተነጠቁት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፉት በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ነበር። የእናታቸውን ቋንቋ አልረሱም፤ ነገር ግን ሽማግሌ በሸንጎ የሚናገርበት፣ እናት በሐዘን የምታለቅስበት፣ ገበሬ ስለ ዝናብ የሚጸልይበትን ሙሉ የቋንቋ ሀብት ለመልቀም ዕድሜ አላገኙም። ቃላትን ማወቅና ቃላቱ በሕይወት ውስጥ የሚሸከሙትን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን በሥራው ላይ ሳሉ ተረዱ።

ክፍተቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ነች። የሊሙ እናርያ ተወላጅ የሆነችው አስቴር እርሷም በባርነት የተያዘች ነበረች። እ.ኤ.አ በ1886 ለሽያጭ ወደ ዓረብ ምድር ትወስዳት የነበረችውን ጀልባ የኢጣሊያ መርከቦች ባሕር ላይ በመያዛቸው ነፃ ወጥታ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ኦኔሲሞስ ይህች ወጣት ለቋንቋው ያላትን የላቀ ስሜትና የማስታወስ ችሎታ ለመገንዘብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። አስቴር 15 ሺህ ያህል ቃላትን የያዘ መዝገበ ቃላት አጠናቀረች። 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችንም በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል።

የሥራቸው ጥልቀት የሚታየው ከአንዲት ቃል ነው። በአፋን ኦሮሞ ዋቃ የሚለው ቃል ሰማይንም ፈጣሪንም ያመለክታል። ተርጓሚ ይህን ቃል ሲያነሳ መዝገበ ቃላት ማየት ብቻ አይበቃውም። ቃሉን ሰው ዝናብ ሲጠፋ እንዴት እንደሚጠራው፣ በምርቃት ውስጥ እንዴት እንደሚያወርደው፣ ልጅ የሞተባት እናት በምን ዓይነት ድምፅ እንደምታነሳው ማወቅ ይኖርበታል። ሁለቱም ከቤታቸው ተነጥቀው የተሸጡ፣ ሁለቱም በባሕር ዳርቻ ነፃነት ያገኙት ኦኔሲሞስና አስቴር ስለ ግዞት፣ ስለ ባርነትና ስለ ነፃ መውጣት የሚናገሩ ምዕራፎችን ሲተረጉሙ ቃሉን ያወቁት በወረቀት ብቻ አልነበረም።

አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪስኮና በግዕዝ ፊደል ታተመ። በርዕስ ገጹ ላይ በተርጓሚነት የሰፈረው የኦኔሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድርሻ በሚገባው ልክ ሳይታወቅ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ይህ ሥራ ከተጠናቀቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በእንግሊዝ አገር ሌላ ጥያቄ ተነሳ። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን አስቸጋሪ ጥያቄ በሌላ መተካት እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። መርማሪው ሳያያቸው በጽሑፍ ከሰውና ከማሽን ጋር ይነጋገራል፤ ማን ሰው ማን ማሽን እንደሆነ መለየት ካቃተው ማሽኑ እንደሚያስብ መቀበል ይቻላል የሚል ነበር መከራከሪያው። የሌላውን ሰው አእምሮም ቢሆን የምናውቀው ከንግግሩና ከድርጊቱ እንጂ ውስጡ ገብተን አይደለም።

የዚህ መመዘኛ ደካማ ጎን ግን ብዙም ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ በ1966 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለች ቀላል ፕሮግራም አቀረበ። ፕሮግራሟ ተናጋሪው የጻፈውን መልሳ በጥያቄ መልክ ከማቅረብ ያለፈ ችሎታ አልነበራትም። ያም ሆኖ አንዳንድ ሰዎች የልባቸውን ምሥጢር ያካፍሏት ጀመር። ይህም ፈጣሪዋን እጅግ አሳሰበው። ሰው የሚናገርን ነገር ሁሉ አዳማጭ ልብ እንዳለው አድርጎ የመቁጠር ዝንባሌ እንዳለው ተገነዘበ።

እ.ኤ.አ በ1980 ደግሞ ፈላስፋው ጆን ሰርል አንድ ምሳሌ አቀረበ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ደንብ የያዘ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ከውጭ የቻይንኛ ጽሑፍ ሲገባለት ቅርጹን ከደንቡ ጋር እያስተያየ ተገቢውን የቻይንኛ መልስ ያወጣል። ውጭ ያሉት ሰዎች ቋንቋውን የሚያውቅ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን አንዲት ቃል አልገባውም። ሰርል ኮምፒዩተርም እንዲሁ ምልክቶችን ያቀናብራል እንጂ ትርጉማቸውን አይረዳም ባይ ነው። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሰውየው ብቻውን ባይረዳም ሰውየው፣ መጽሐፉና ክፍሉ በአንድነት እንደሚረዱ ሊቆጠር ይችላል ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ እስካሁን እልባት አላገኘም።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የቋንቋ ማሽኖች የሚሠለጥኑት እጅግ ብዙ ጽሑፍ እየተሰጣቸው ነው። ጽሑፉ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ በቁጥር ይተካል። ማሽኑም ከቀደሙት ቃላት በመነሳት ቀጥሎ የሚመጣውን በመገመት፣ ሲሳሳት ደግሞ ውስጣዊ ቁጥሮቹን በማስተካከል ይማራል። እ.ኤ.አ በ2016 አማርኛ፣ በ2022 ደግሞ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ወደ ጉግል የትርጉም አገልግሎት ገብተዋል። ጥቂት ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች መሆናቸውም ይታወቃል። ምክንያቱም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ጥቅስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስለሚገኝ ነው።

በእምኩሉ የተሠራው ሥራና የማሽኑ ሥራ ሲነጻጸሩ የመነሻቸው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ማሽኑ የሚጀምረው ከተጻፈው ነው። ኦኔሲሞስና አስቴር ግን የጀመሩት ገና ካልተጻፈው፣ ከሰው አንደበትና ከራሳቸው ትዝታ ነበር። የሰው አእምሮ 86 ቢሊዮን በሚጠጉና እርስ በርስ በተሳሰሩ የነርቭ ሕዋሳት፣ ለአንዲት ደብዛዛ አምፖል በሚበቃ 20 ዋት ገደማ ኃይል ይሠራል። ሕፃን ቋንቋን የሚማረው እየተራበ፣ እየታቀፈ፣ እየወደቀና እየተነሳ በመሆኑ ቃላቱ ከአካሉና ከስሜቱ ጋር አብረው ያድጋሉ። ማሽኑ ርሃብ የሚለውን ቃል በትክክለኛው ቦታ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ተርቦ ግን አያውቅም።

ተመራማሪዎች ንቃተ ህሊና የሚሉት ይህን ከውስጥ የሚሰማ ልምድ ነው። ሥራን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ሲሠሩ መሰማት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ በ2022 በጉግል ኩባንያ ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ የኩባንያው የውይይት ፕሮግራም ስሜት አለው ብሎ በይፋ ሲናገር ኩባንያው ሐሳቡን ውድቅ አድርጎ አሰናብቶታል። በቀጣዩ ዓመት 19 ሳይንቲስቶችና ፈላስፎች ባወጡት ጥናት በጊዜው ከነበሩት ማሽኖች መካከል ንቃተ ህሊና አላቸው ለማለት የሚያበቃ እንደሌለ ገልጸው፣ ወደፊት ግን እንዲህ ዓይነቱን ማሽን መሥራት የሚከለክል ግልጽ የቴክኒክ እንቅፋት እንደማይታያቸው አመልክተዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በሶፍትዌር ሥራዋ የኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ እንዳለበት ይታወቃል። በ2020 ደግሞ በዘርፉ የሚሠራ የመንግሥት ተቋም ተመሥርቷል። ይህችው ሶፊያ እ.ኤ.አ በ2017 ከሳውዲ ዓረቢያ የዜግነት ማዕረግ ተሰጥቷታል። ከዚያ ቀደም ብሎ 150 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በቀይ ባሕር ማዶ ባለው ዳርቻ ከሁሩሙ የመጣ ብላቴና እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሲመቱት የሚያለቅሰው ልጅ ሰው መሆኑ ሲካድ፣ መሰማቷ ያልተረጋገጠው ሮቦት ደግሞ ዜጋ ተብላለች። በመጀመሪያው የባሪያ ነጋዴው ትርፍ፣ በሁለተኛው የማስታወቂያው ፍላጎት ፍርዱን አዛብተውታል።

ወደ ኦኔሲሞስ ሕይወት ስንመለስ የሰውን አእምሮ ከማሽን የሚለይ ሌላ ገጽታ እናገኛለን። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ በ1904 ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ነቀምቴ ሲደርሱ ከተነጠቁ 35 ዓመታት አልፈዋል። የአካባቢው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሕፃናት በእናታቸው ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ። ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ መስበካቸውና የትምህርታቸው ይዘት ግን ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው።

ክሱ እስከ አዲስ አበባ ዘለቀ። እ.ኤ.አ በግንቦት 1906 ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳይሰብኩ ግን ታዘዙ። አንድ ጊዜ ከአገራቸው የተነጠቁ ሰው በእርጅናቸው ዋዜማ ዳግም ከአገራቸው ሊነጠቁ ተቃርበው ነበር። ለተናገሩት ቃል፣ ለመረጡት ትርጉምና ላስተማሩት ትምህርት በግንባራቸው ቆመው መልስ የሰጡት እርሳቸው ናቸው። የሚያጡት ቤት፣ የሚለዩት ቤተሰብ፣ የሚታወሳቸው የባርነት መንገድ ነበር።

ማሽን እስካሁን ባለው ደረጃ በዚህ ስፍራ ሊቆም አይችልም። የተሳሳተ ትርጉም ቢሰጥ አይጸጸትም፤ ቢከሰስ የሚያጣው ነገር የለም፤ ቢጠፋም ናፍቆት እንደሚያድርበት የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህ የፍልስፍና ነጥብ ብቻ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአንድ ባለጉዳይ አቤቱታ፣ በፍርድ ቤት የአንድ ምስክር ቃል፣ በሆስፒታል የአንድ ታማሚ ሕመም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲተረጎም የቃሉ ዋጋ የሰው ሕይወት ነው። መሣሪያው ሥራውን ሊያፋጥን ይችላል። ኃላፊነቱን ግን ሊሸከም የሚችለው ፊርማውን ያኖረውና የሚጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ማሽኑ እንዲህ አለ ብሎ ከኃላፊነት መሸሽ የማይጠየቅን አካል ከጠያቂው ፊት እንደ ማቆም ይቆጠራል።

በሌላ በኩል የኦኔሲሞስ ሕይወት ለችኮላ ድምዳሜም ቦታ አይሰጥም። ማሽን ሠራሽ ነው፣ ስለዚህ መቼም ቢሆን ሊሰማው አይችልም የሚለው ፍርድ በእርግጠኝነት ሲነገር፣ ያለፉት ዘመናት ሰዎች ስለ ባሮችም በተመሳሳይ እርግጠኝነት ይናገሩ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። ባሪያ የተባለው ሰው ሰው መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ የማሽኑ ጉዳይ ግን በእውነት ያልታወቀ ነው። ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። ይኸውም ማን አእምሮ አለው፣ ማንስ የለውም የሚለውን ጥያቄ ከመልሱ የሚጠቀም ወገን ብቻውን ሊወስነው እንደማይገባ ነው።

ኦኔሲሞስ ለዓመታት በጥንቃቄ ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ከዚያም በኋላ በነቀምቴ ማስተማራቸውን ቀጥለው ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባርነትን ጨርሶ የሚያስቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት አዋጅ የወጣው እርሳቸው ካረፉ ከ11 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1942 ነው። የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖ ግን አዋጁንም አይታ፣ ከዚያም በኋላ ኖራ እ.ኤ.አ በ1964 አርፋለች።

ዛሬ ከሁሩሙ ብዙም በማትርቀው መቱ እ.ኤ.አ በ2011 ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከጎሬ፣ ከያዮ፣ ከበደሌና ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጡ ወጣቶች በዚያ ኮምፒዩተር ሳይንስም ቋንቋም ይማራሉ። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ተጭነው በወጡበት ምድር እነዚህ ወጣቶች ማሽንን ቋንቋ የሚያስተምሩበት ዕድል አላቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጽሑፍ አሁንም ቢሆን ከሰው አንደበት መሰብሰብ ይኖርበታል። ተረቱ፣ ምርቃቱ፣ የሽማግሌው ፍርድና የእናቲቱ እንጉርጉሮ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበልጣልና።

ሂካ የሚለው ስም በወላጆቹ ሲወጣ ለሕፃኑ ምኞት ነበር። በኋላ ግን የሕይወት ታሪክ ሆነ። ታስሮ የተፈታው ብላቴና ቃልን የሚፈታ ሰው ሆኖ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። ማሽኖች ቃል እየፈቱ ባሉበት በዚህ ዘመን መፈታት ምን ማለት እንደሆነ ከታሰረው በላይ የሚያውቅ አለመኖሩን የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ያስታውሳል።